ፎሮን ማዶ የዳነው ሰውዬ

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ነፍስ ለጌታ ማርኬአለሁ። በዚያው ቀን፣ የዚያኑ ሰውዬ የደነቆረ ጆሮ ከፍቻለሁ። ዙሪክ አጠገብ ኡስተር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ያደረገ ሌላ ልጅ የለም። የፓስተሩ ልጅ ሌዊ በሕይወቱ ያደረገው ትልቁ ነገር የድራም ዱላ ሳይጥል ሁለት መዝሙር መጨረስ ነው።

አሁን የምጽፈው አዋቂ ስለሆንኩ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላኝ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ትምህርት ላይ ብዙ አልገፋሁም፤ ዘጠነኛ ክፍል ስጨርስ ዳቦ ቤት ገብቼ ሙያ እየተማርኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ ማሞቂያው እየተንኳኳብን ነው። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እናንተው አቃኑት።

ቤተ ክርስቲያናችን ሠላሳ ሰው ናት። ስዊሶቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በእነሱ አዳራሽ እንገባለን። በዓመት አንድ ጊዜ የወንጌል ጉዞ አለ። በዚያ ዓመት የተመረጠው ጄኔቭ ነበር፤ ከዚያ ድንበሩን በእግር ተሻግሮ አንማስ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ። እዚያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው መናፈሻ፣ አዲስ የገቡ ሐበሾች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ ተባለ። መሪው ጋሽ ዘበነ ነበር፤ በሳምንቱ ቀን ፖስታ ቤት ጥቅል የሚለይ፣ እሑድ ግን ድምፁ ከማይክራፎኑ የሚበልጥ ሰው። ጊታር የሚይዝለት ሱራፌል ነው። «ሌላ ማን ይሄዳል?» ሲባል መጀመሪያ የተነሣው እጅ የእናቴ የትርፍነሽ እጅ ሆነ።

አፌን ከፍቼ አየኋት። እናቴ ቅዳሜ ቢሮ የምታጸዳ፣ በአገልግሎት ጥሪ ጊዜ ሁልጊዜ የጫማዋን ክር የምታስተካክል ሴት ናት። መንፈስ ነክቷታል አልኩ። እኔን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት እኔም ሚስዮናዊት ሆንኩ።

ባቡሩ ውስጥ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢጎድል ነው የተቀመጥነው። ሎዛን ሊደርስ ሲል አንድ ረጅም ዋሻ አለ፤ ከዚያ ሲወጣ ሐይቁ ከሥርህ ድንገት ይዘረጋል። የወይኑ ተዳፋት፣ ውሃው፣ ከማዶ ተራራው። ባቡሩ ተንሸራቶ የሚገባበት መስሎኝ ወንበሬን ያዝኩ። «እማዬ እዪ! እማዬ!» እናቴ አላየችም። ወደ ጋሽ ዘበነ ጎንበስ ብላ ነበር።

«አደራሽን ትርፍነሽ፣ ድልድዩን እንዳትረግጪ» ይላታል። «በመስከረም ቢ ልታመለክቺ ነው። ከዚህ ወዲያ አንዲት ስህተት…»

«ሰኞ ነው ዱብሊን የሚመልሰው፣ ጋሽ ዘበነ። ሌላ ቀን የለኝም።»

«ከወንዙ ወዲህ ቆመሽ ታዪዋለሽ። አየሽው፣ አለቀ።»

«ጋሽ ዘበነ፣ ዱብሊን ማነው?» አልኩት።

ሁለቱ ተያዩ። «ክፉ ነው» አለ ጋሽ ዘበነ። «ሰው ‹እፎይ፣ ደረስኩ› ሲል እግሩን ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትት።»

ገባኝ። መንፈስ ነው ማለት ነው። ስሙን በልቤ ያዝኩት፤ ለጸሎት ይጠቅማል።

አሁን የማውቀው ሌላ ነው። ዱብሊን ሕግ ነው፤ መጀመሪያ አሻራህን ወደ ሰጠህበት አገር መልሶ ይልክሃል። የእናቴና የእኔ ወረቀት ደግሞ ኤፍ ነበር። ኤፍ ማለት ኑሩ፣ ሥሩ፣ ከአገር ግን እንዳትወጡ ማለት ነው፤ ቢ ደግሞ እውነተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከድንበር ወዲያ ብትገኝ ለዓመታት የጠበቀችው ነገር ሁሉ ይበላሽባታል። ይህን አላውቅም ነበር። ድልድዩን የተከለከልነው እኛ የጸሎት ቡድን ስለሆንን መስሎኛል።

ጄኔቭ ሻትሌን የእትዬ ምንትዋብ ቤት ገባን፤ ሰባተኛ ፎቅ። እትዬ ምንትዋብ በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ የወጡ፣ አንድ የዲፕሎማት ቤት ሠላሳ ዓመት አብስለው ጡረታ የወጡ ኦርቶዶክስ ናቸው። ለምን የእኛን ቡድን እንደሚቀበሉ አልገባኝም ነበር። ጋሽ ዘበነ ያመጣውን ምሳ ከቦርሳው እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሳንድዊች ነው እትዬ። በአይብ።»

«ዘበነ፣ ዛሬ ፍልሰታ ነው። አገር ልታስተምር ወጥተህ ቀኑን እንኳ አታውቅም?»

«እኛ በጸጋ ነን፣ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ በምስር ነኝ። ቁጭ በል።»

ምስሩን በላን፤ ጋሽ ዘበነ ሁለቴ አስጨመረ። እኔ ወደ እናቴ ጆሮ ተጠግቼ «እትዬ ምንትዋብ ድነዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«ከምን?» አሉ እትዬ ምንትዋብ ከማድ ቤት።

ከዚያ ጃንጥላቸውን ያዙ። «እኔ ቀድሜ ልሻገር። አሥር ሰዓት ላይ። ትንሿ ድልድይ ጋ።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔ አስቤዛ ሊገዙ መስሎኛል፤ የጄኔቭ ሰው ሁሉ ፈረንሳይ ተሻግሮ ነው የሚገዛው።

ያኔ ትራሙ ሞየሱላ ድንበሩ ላይ ነበር የሚያልቀው፤ አሁን አልፎ ይሄዳል። ጋሽ ዘበነና ሱራፌል በስዊስ ፓስፖርታቸው፣ ጊታራቸውንና አንድ ቦርሳ ሙሉ ትራክት፣ የሚታደል የወንጌል ወረቀት፣ ይዘው እንደ ዘበት ተሻገሩ። «እናንተ በጸሎት ሸፍኑን» አለ ጋሽ ዘበነ። እናቴ እጄን ይዛ ከወንዙ ጋር ሽቅብ ሄደች።

ድንበር ሲባል እኔ ዮርዳኖስን ነበር የጠበቅኩት። ፎሮን ግን ሌዊ ተንደርድሮ የሚዘለው ወንዝ ነው። ሌሊቱን ስለዘነበ ደፍርሶ ይጮሃል፤ ዳር ዳሩን ዛፍ ነው፤ በላዩ የእንጨት ድልድይ አለ፣ ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ። ወዲህ ስዊስ፣ ወዲያ ፈረንሳይ። ሣሩ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ በጣም ገረመኝ። አንዲት ቁራ ያለ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተመላለሰች።

እናቴ ቦርሳዋን ከፈተችና ትንሽ መስታወት አወጣች። ከንፈሯን ቀይ ተቀባች። እናቴ! ለወንጌል! እኔ ለጋሽ ዘበነ ልንገር አልንገር እያልኩ ሳስብ ከማዶ ከዛፎቹ ሥር የእትዬ ምንትዋብ ጃንጥላ ብቅ አለ። አጠገባቸው አንድ ቀጭን ሰው አለ፤ ጃኬቱ ከሱ ለሚበልጥ ሰው የተሰፋ። ውሃው ዳር መጥቶ ቆመ። እናቴ የድልድዩን መደገፊያ ያዘች።

እንዳትደክሙ ልገላግላችሁ። ሰውዬው አባቴ ነበር። ስሙ ኅሩይ ይባላል። ትሪፖሊ ላይ ሲለያዩ እኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። እሷ ጀልባ ላይ ወጣች፤ እሱ ከባሕሩ ዳር ተይዞ ታሰረ። ጣልያን እስኪደርስ ስንት ዓመት፣ ከዚያ ፈረንሳይ። ወዲህ ሊሻገር ሲል ተይዞ ከተመለሰ ጊዜ ጀምሮ ስዊስ መግባት ተከልክሏል። ሰኞ ደግሞ ወደ ጣልያን ሊመለስ ነው። እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ከመሄዱ በፊት ልጁን እንዲያይ። ለእኔ ያልነገረችኝ በምላሴ ምክንያት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሴትዮ «እንዴት ናችሁ?» ብትለኝ እናቴ ውሃውን ከፍታ ሻወር ቤት ውስጥ እንደምታለቅስ የነገርኳት ልጅ እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ምላስ ያላት ልጅ አባቷ ድንበር ላይ እንደሚቆም አይነገራትም።

እኔ ግን ያየሁት የጠፋ ነፍስ ነው። ነፍሱ ቆሟል፣ እትዬ ምንትዋብ ቆመዋል፣ እናቴ ቆማለች፤ ማንም አይናገርም። ሦስት አዋቂ! ለዚህ ነው ከኡስተር ድረስ የመጣነው? ተናደድኩና ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጋሼ! ኢየሱስ ስለ ኃጢአትህ ሞቷል! የመዳን ቀን ዛሬ ነው!»

ሰውዬው እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ። «አልሰማሁም!»

ደገምኩት።

«አልሰማሁም! እስቲ ድገሚልኝ!»

«እማዬ» አልኩ ዞሬ፣ «ሰውዬው ደንቆሮ ነው።»

እናቴ ሳቀች፤ ግን ሳቁ በአፍንጫዋ በኩል ውሃ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጉልበቱን ጠይቂው» አለችኝ። «የግራ ጉልበቱ ዳነ ወይ በይው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የእውቀት ቃል የሚባል ጸጋ አለ። እሑድ ፓስተሩ ዓይኑን ይጨፍንና «እዚህ መካከል ጀርባውን የሚያመው ሰው አለ» ይላል፤ ሰው ይነሣል። ሠላሳ የጽዳት ሠራተኛ መካከል ጀርባውን የማያመው ማን አለ ብትሉ እኔ የለሁበትም። ይሄ ግን ሌላ ነው። አይታው የማታውቀው ሰው፣ ከወንዝ ማዶ፣ ጉልበት፣ ያውም የግራ! የክንዴ ፀጉር ቆመ። ሁልጊዜ ወለል የምትወለውል እናቴ ነቢይት ነበረች።

«የግራ ጉልበትህ ዳነ ወይ?» ብዬ ጮህኩ።

ሰውዬው እጁን በግራ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እውነት ነበር! ሰበር፣ ቀና፣ ሰበር፣ ቀና አደረገና «ድኗል በያት! ብርድ ሲሆን ብቻ ነው!» አለ። ከዚያ «እሷስ? ሌሊት ባቷን የሚይዛት ነገር ተዋት?»

ደነገጥኩ። እናቴን ሌሊት ባቷን ቁርጥማት እንደሚይዛት በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ተነሥቼ የእግሯን ጣት የምስብላት እኔ ነኝ። ይሄ ሰው ገና አልዳነም፤ እንዴት ይተነብያል? ያለ መዳን የተናገረ ከሰንበት ትምህርት የማውቀው የበለዓምን አህያ ብቻ ነው።

«አልተዋትም! እኔ ነኝ የምስብላት!»

«ጎበዝ!» አለ። «ጎበዝ ልጅ!»

ከዚያ በኋላ ቆጥሬ አልዘለቅኩትም። እናቴ በሹክሹክታ ትነግረኛለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይመልሳል። እናቱ በሕይወት አሉ ወይ። አሉ፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ያ ጓደኛው ኢዮብ ወጣ ወይ። አልወጣም፤ ባሕር ቀርቷል። እናቴ እዚህ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አስተካከለች። አንዱም አልተሳሳተም፤ የጠየቀችው ሁሉ ነበረ። በሁለት ነቢያት መካከል የቆምኩ መለከት ነበርኩ፤ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ወሬ ነበራቸው። ስልኩ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

የእናቴ ስልክ ጮኸ። የጋሽ ዘበነን ድምፅ እኔ እንኳ ሰማሁት። «የጥበቃ መኪና ወደናንተ አልፏል። ውጡ!» እናቴ «እሺ» አለች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ድንጋጤ ያዘኝ፤ ልንሄድ ነው፣ ሰውዬው ግን ገና አልጸለየም። ነፍስ አፋፍ ላይ ትቶ መሄድ እንዴት ይቻላል?

«ጋሼ! ከእኔ በኋላ በል! ጌታ ሆይ!»

«ጌታ ሆይ!»

«ኃጢአተኛ መሆኔን አምናለሁ!»

«ድገሚልኝ!»

እያንዳንዷን መስመር አስደገመኝ፤ አንዳንዷን ሦስቴ። ዕንባው በአገጩ ይወርዳል። እትዬ ምንትዋብ ጃንጥላቸውን አዙረው አማተቡ። «ይቺ ልጅ ሰውዬውን እዚሁ ልታጠምቀው ነው እንዴ?»

አሜን ላይ ደረስን። ነፍሱ ዳነ። ጆሮው ግን ቀረ፤ ጆሮ ደግሞ እጅ ካልተጫነበት አይከፈትም። ሮጥኩ። እናቴ ከኋላ ኮሌታዬን ልትይዝ ብላ ስትስተኝ እግሯ የድልድዩ የመጀመሪያ እንጨት ላይ አረፈ። እኔ መሃል ደርሼ ዞር ስል እግሯን እያየች ነበር። አንድ እግር፣ አንድ እንጨት። ከዚያ አነሣችውና ወደ ኋላ መለሰችው።

ያን ጊዜ እምነት አነሳት አልኩ። አሁን ዳቦ ቤት ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ስሸከም ያ እግር ትዝ ይለኛል። እሱን ያነሣ ሰው ሌላውን ምን ይከብደዋል?

ሰውዬው እንድደርስበት ተንበረከከ። አዲስ ሳሙና ይሸታል። ጆሮዎቹ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ መዳፌን በሁለቱም ላይ ጫንኩ። «ጆሮ፣ ተከፈት! ዱብሊን፣ ልቀቀው!»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መንፈሱ ሲለቅ እንደዚያ ነው። እጆቹን በእጆቼ ላይ ደርቦ ተጫናቸው፣ ሊያስቀራቸው የፈለገ ይመስል።

«አሁን ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል፣ ቤቴል።»

ስሜን አልነገርኩትም። ማንም ጮሆ አልጠራኝም። «ስሜን ማን ነገረህ?» አልኩት። ከራሴ በላይ አሻግሮ አየ። እኔም ወደሚያይበት ዞርኩ። ከማዶ ሰማይ ነበር፤ ዝናቡ ያጠበው፣ ጥርት ያለ። ከሰማዩ ነው የሰማው አልኩ በልቤ። እናቴም ከሰማዩ ሥር ቆማ ነበር፤ እሷን ግን አልቆጠርኳትም።

ስመለስ አንድ ጠባቂ እናቴ አጠገብ ቆሟል፤ ወጣት፣ ጆሮው በፀሐይ የቀላ። ሁለቱን ኤፍ ወረቀቶች ይዟል። ወረቀቱን አየ፣ ከድልድዩ ስወርድ እኔን አየ፣ ማዶ እንደተንበረከከ የቀረውን ሰው አየ። እኔ ፈረንሳይኛ ስለማልችል በዙሪክ ጀርመንኛዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ቤተ ክርስቲያን መሆናችንን፣ ሰውዬው ደንቆሮ እንደነበረ፣ አሁን እንደሚሰማ።

ጠባቂው በራሴው ጀርመንኛ መለሰልኝ። የቪንተርቱር ልጅ ነበር። «እውነት ይሰማል?»

«ካላመንክ ጩህበት!»

አልጮኸም። የእናቴን ፊት አየ፤ ቀዩ ቀለም አገጯ ደርሷል። ወረቀቶቹን መለሰላት። «ድልድዩ ዛሬ ያዳልጣል» አለ። «ራቁ።» መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

መልአክ ነው አልኩ። ፈረንሳይኛ አገር ውስጥ የኛን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? አሁን ሰው እንደነበረ አውቃለሁ፤ ሰው መሆኑ ይበልጥ ይገርመኛል።

በማግስቱ እሑድ ጋሽ ዘበነ መድረክ ላይ ሪፖርት አነበበ። ትራክት ታድሏል፣ መናፈሻው ውስጥ ተዘምሯል። «ልጅ ቤቴል ደግሞ፣ አንድ ነፍስ!» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሌዊ የድራም ዱላውን ጣለ። እናቴ በነጠላዋ ተሸፍና አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ስለኔ ጌታን እያመሰገነች ነው አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሰውዬውን ወሰዱት። እኔ ዱብሊንን አባርሬ ስለጨረስኩ ቁርሴን በሰላም በላሁ።

እናቴ ቢ አገኘች። ከዚያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ሌላ ማመልከቻ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ዙሪክ ዋናው ጣቢያ፣ ትልቁ ሰዓት ሥር፣ ከሚላኖ የመጣ ባቡር ጠበቅን። አባትሽ ይመጣል ተብያለሁ። ያሳየችኝ ፎቶ የወፍራም ወጣት ፎቶ ነበር። ከባቡሩ የወረደው ግን ቀጭን ነው፤ ገና ሳየው ጣቢያው እስኪያስተጋባ ጮህኩ። «እማዬ! ያዳንኩት ሰውዬ!»

እናቴ እዚያው ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሁሉንም የነገረችኝ እንባዋን እየጠረገች ነው።

አሁን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። የሆስፒታል ልብስ የሚያጥብ ቦታ ይሠራል። የማረክሁት ነፍስ እሑድ ጠዋት ተነሥቶ የሚሄደው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፍልሰታንም ይጾማል። እኔ ከዝርዝሬ አልሰረዝኩትም።

ጆሮው ግን እንዳልደነቆረ ያወቅኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ትናንት ይህን ስጽፍ «ድገሚልኝ» የሚለው ቃሉ መጣብኝና ሁሉም በራልኝ። አለቀስኩ። ተነሥቼ ማድ ቤት ሄድኩ። የጀርመንኛ የቤት ሥራውን እየሠራ ነበር፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው።

«አባዬ፣ ያኔ ወንዙ ጋ ‹አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ› ያልከኝ… ድምፄን ደጋግመህ ለመስማት ነው፣ አይደል?»

እርሳሱን አስቀመጠ። እኔ ለእቅፍ ተዘጋጀሁ።

«አይደለም» አለ። «የእናትሽን መልእክት ስታደርሺ ደህና ነበርሽ። ስብከቱ ግን ምን ቋንቋ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።»